ቀዳዳው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፦ ስለ እንቁልጢ እጢና ሆድ ሳይከፈት ስለሚሠራ ኦፕራሲዮን

ማክሰኞ ማታ ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ድምጿ የሷ አይመስልም። "እትዬ፣ አልትራሳውንድ ታየሁና እጢ አለብሽ አሉኝ። በቃ ካንሰር ነው አይደል?" አለችኝ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ነገርኳት። ላከችው። በግራ አድኔክሳ በኩል 7 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲስት ይላል። ሲስት ማለት ውስጡ ነገር የቋጠረ ከረጢት ነው። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። እሷ ያየችው 7 የምትለዋን ቁጥር ነው። ሁለቱን መስመሮች ያነበበላት ሰው የለም።

እኔ ደሴ ውስጥ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። መጀመሪያ "አብሽሪ" አልኳት። ግን አብሽሪ ብቻውን እንቅልፍ አያስወስድም። የፈራ ሰው ልቡ የሚመለሰው ነገሩ ሲገባው ነው። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። የሷ ሂሳብ ሲያልቅ እኔ መልሼ ደወልኩ። ያን ማታ የነገርኳትን ነው ትንሽ ጨምሬበት እዚህ የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስሙን እንፍታው። ማህፀን በቀኝና በግራ እጇን የዘረጋች ሴት ትመስላለች። እጆቹ የማህፀን ቱቦዎች ናቸው። በየእጁ ጫፍ አጠገብ ቴምር የምታክል አንዲት እንቁልጢ አለች። ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏት እሷን ነው። እንቁልጢዋ፣ ቱቦውና ሁለቱን የያዙት ጅማቶች አንድ ላይ አድኔክሳ ይባላሉ። ስለዚህ "አድኔክሳ ላይ እጢ አለ" ሲባል ከማህፀን ጎን አንድ ያበጠ ነገር ታየ ማለት ነው። የቦታ ስም ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም።

"እጢ" የሚለው ቃላችንም ያስደነግጣል። ውሃ የቋጠረችውንም ከረጢት እጢ እንላታለን፣ ካንሰሩንም እጢ እንለዋለን። ሰው ቃሉን ሲሰማ ክፉውን ብቻ ያስባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ የማህፀን ሐኪሞች መመሪያ እንደሚለው፣ የወር አበባዋ ገና ባልቆመ ሴት ላይ ሕመም ያስከተለ የእንቁልጢ ሲስት ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ1000 በ1 ገደማ ላይ ነው። ዕድሜ 50 ሲደርስ ከ1000 ወደ 3 ከፍ ይላል። የአክስቴ ልጅ 26 ዓመቷ ነው።

ታዲያ ካንሰር ካልሆነ ምንድን ነው? ብዙ ዓይነት አለው። በጣም የተለመደው እንቁልጢዋ በየወሩ ከምትሠራው ሥራ የሚመጣ ነው። በየወሩ አንዲት ትንሽ የውሃ ከረጢት ታድግና 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ፈንድታ እንቁላሏን ትለቃለች። አንዳንዴ አትፈነዳም። ማደጓን ትቀጥላለች። ይቺ በሽታ አይደለችም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሷ ትጠፋለች። ሐኪሙ "ከሁለት ወር አበባ በኋላ ተመለሺ" ሲል ችላ ብሎሽ አይደለም። እንድትጠፋ ጊዜ እየሰጣት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሲስቱን ያጠፋል ተብሎ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በጥናት ሲታይ እንክብሉ ያለችውን ሲስት ከመጠበቅ በበለጠ ፍጥነት አያጠፋም።

ሁለተኛው ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚባለው ሕመም የሚመጣው ነው። የማህፀን ውስጥ ሽፋን የመሰለ ሥጋ እንቁልጢ ላይ ይበቅልና በየወሩ ይደማል። ደሙ መውጫ የለውም፤ ይጠራቀማል፣ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። ሐኪሞች የቸኮሌት ሲስት ይሉታል። እኔ ባየሁት ቁጥር የሚታወሰኝ የቡና አተላ ነው። የወር አበባ ሲመጣ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ያለባት ሴት "የሴት ነገር ነው፣ ቻይው" ተብላ ዓመታት ትኖራለች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ቻይው የሚባል ሕመም አይደለም።

ሌሎችም አሉ። ቀጭን ውሃ ወይም ንፍጥ የመሰለ ነገር የሚቋጥሩ፣ ከተተዉ ሆድን እስኪሞሉ የሚያድጉ አሉ። በቆየ ኢንፌክሽን ምክንያት ቱቦው ተደፍኖ ውሃ የሚይዝበትም ጊዜ አለ።

ለብቻው ላወራበት የምፈልገው ግን ደርሞይድ የሚባለውን ነው። ሐኪሞች ቴራቶማም ይሉታል። ይሄ ሲስት ሲከፈት ውስጡ ቅቤ የመሰለ ስብ ይገኛል። ጸጉር ይገኛል። አንዳንዴ ጥርስ ይገኛል። ልምምድ ላይ ሳለሁ መጀመሪያ ያየሁት ቀን የተጠቀለለ ረጅም ጥቁር ጸጉር ከነስቡ ሳህኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ውጭ ለምትጠብቀው እናት እንዴት ይነገራል? ሰው ወዲያው የሚያስበው መተት ነው። "ጸጉር አብልተዋት ነው" ይባላል። ጎረቤት ይጠረጠራል፣ የባል እናት ትጠረጠራለች፣ ቤተሰብ ይፈርሳል።

የተበላ ጸጉር አይደለም። የተበላ ነገር ጨጓራና አንጀት ይገባል እንጂ እንቁልጢ ውስጥ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁልጢ ውስጥ ያሉት የእንቁላል ሴሎች ሰው የሚሠራባቸው ሴሎች ናቸው። ቆዳም፣ ጸጉርም፣ ጥርስም፣ አጥንትም የመሥራት አቅም በውስጣቸው አለ። አንዷ ሴል አልፎ አልፎ ያለ እርግዝና፣ ያለ ወንድ ዘር፣ በራሷ ሥራ ትጀምራለች። ግን ልጅ መሥራት አትችልም። የቻለችውን ያህል ቆዳ፣ ስብና ጸጉር ትሠራለች። ድንግል የሆነች የ15 ዓመት ልጅ ላይ ይገኛል። ማንም አልሠራባትም፣ እሷም ምንም አላጠፋችም። ደርሞይድ በአብዛኛው ወጣቶች ላይ ይታያል። ደርሞይድ ካለባቸው 10 ሴቶች በ1 ገደማ ላይ በሁለቱም በኩል ይኖራል። ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከ100 ከ1 እስከ 2 ቢሆን ነው። ግን በራሱ አይጠፋም። ጥቁር አዝሙድ በማርም አያከስመውም።

የአክስቴ ልጅ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ይህንኑ ነበር የሚናገሩት። ጠርዙ ለስላሳ ነው። ውስጡ ስብ የመሰለ የሚያበራ ነገር አለ። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ የለም። ያየው ባለሙያ ደርሞይድ ይመስላል ብሏል።

አልትራሳውንድ የሚያየው እነዚህን ነው። መልካም ምልክቶቹ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ከረጢት፣ ለስላሳ ግድግዳና ደም የማይዘዋወርበት ውስጥ ናቸው። የሚያሳስቡት ደግሞ ቅርጹ የተዛባ ደረቅ ሥጋ፣ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የበቀሉ ጉብታዎች፣ ብዙ የደም ዝውውርና ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱን ስትቀበሉ "ስንት ሴንቲ ነው?" ብላችሁ ብቻ አትውጡ። "ውስጡ ምን ይመስላል?" በሉ። ከመጠኑ በላይ የሚናገረው መልኩ ነው።

መጠኑም ግን ዋጋ አለው። ውሃ ብቻ የቋጠረና ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሲስት የወር አበባዋ ባልቆመ ሴት ላይ ከሆነ ክትትል እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ከ5 እስከ 7 ያለው በዓመቱ ይታያል። ከ7 ካለፈ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ኦፕራሲዮን ይታሰባል። የወር አበባዋ ለቆመ እናት መለኪያው ጠበቅ ይላል። እሷ ላይ በየወሩ የሚበቅል ከረጢት አይጠበቅምና።

ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራም አለ። ብዙ ሴቶች ውጤቱ ከተለመደው ወሰን፣ ከ35 በላይ ሆኖ ሲያዩት ቀድመው ያለቅሳሉ። ይህ ቁጥር ካንሰር ሳይኖርም ይጨምራል። በወር አበባ ጊዜ፣ በእርግዝና፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽንም ከፍ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር አለ፤ የሆድ ዕቃ ቲቢ። ሆድ ውስጥ ውሃ አጠራቅሞ፣ ሲኤ 125ን ሰቅሎ፣ ቁርጥ የእንቁልጢ ካንሰር መስሎ ሊመጣ ይችላል። በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ስለማይታመን ሐኪሞች ከሌላው ጋር ያባዙታል። አልትራሳውንዱ ላይ ክፉ ምልክት ከሌለ 0፣ አንድ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ 3 ይሰጣሉ። የወር አበባዋ ላልቆመ 1፣ ለቆመ 3። ከዚያ ሁለቱን በሲኤ 125 ያባዛሉ። የ60 ዓመት እናት ሁለት ክፉ ምልክት ኖሮባት ሲኤዋ 50 ቢሆን፣ 3 በ3 በ50 ይሆናል፤ 450። ከ200 በላይ ስለሆነ የካንሰር ቀዶ ሐኪም ሊያያት ይገባል። አንዲት ወጣት ግን አንድ ምልክት ብቻ ኖሮባት ሲኤዋ 60 ቢሆን፣ 1 በ1 በ60 ነው፤ 60። የወጣቷ ሲኤ ከእናቲቱ ይበልጣል፤ የሚያሳስቡት ግን እናቲቱ ናቸው።

አሁን ወደ ድንገተኛው ልምጣ፤ ይሄን ያነበበ ሰው ሌላውን ቢረሳ ይህችን እንዳይረሳ። እንቁልጢ በጅማትና በደም ሥር የተንጠለጠለች ናት። ከባድ ሲስት ሲኖርባት ልትዞር ትችላለች። የውሃ ጎማ ሲጣመም ውሃው እንደሚቆም፣ የደም ሥሩ ሲጣመም ደሙ ይቆማል። ሴትየዋ በድንገት፣ በአንድ በኩል፣ ቀጥ ብላ መቆም እስኪያቅታት ያማታል። ያስመልሳታል። እኛ አገር ይሄ ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባልና ፌጦ ይበጠበጣል፣ ሌሊቱ ያልፋል። ሌሊቱ ማለፍ የለበትም። በሰዓታት ውስጥ ጠምዛዛው ከተፈታ እንቁልጢዋ ትተርፋለች። ጠቁራ የሞተች የምትመስል እንኳ ስትፈታ ነፍስ የምትዘራበት ጊዜ ብዙ ነው። ጸበሉም ዱዓውም ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ይደረሳል፤ መንገድ ላይ ግን አይቆየን። የወር አበባ ቀርቶባት ሆዷን የሚያማትና የሚያዞራትም ሴት እንዲሁ ቶሎ ትሂድ። ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

"እሺ፣ መውጣት ካለበት በቀዳዳ ይሠሩልኛል?" አለችኝ የአክስቴ ልጅ። አብሯት የምትሠራ ልጅ ሆድ ሳይከፈት የሚሠራ አለ ብላ ነግራታለች። ጥያቄው ደስ አለኝ። ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው አልኳት። የመጀመሪያው "መውጣት አለበት ወይ?" ነው። የሷ ደርሞይድ ነው፣ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ መውጣት አለበት። አሁን ስለ ቀዳዳው ማውራት እንችላለን።

እዚህ የተደረሰው ረጅም መንገድ ተሄዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ኤፍሬም ማክዳውል የሚባል ሐኪም ጄን ቶድ ክሮፎርድ ከምትባል ሴት 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የእንቁልጢ እጢ አወጣ። ማደንዘዣ ገና አልነበረም። ሴትየዋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጉዛ ነው የመጣችው። 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ድና ከ30 ዓመት በላይ ኖረች። በ1910 ስዊድናዊው ሐንስ ክርስቲያን ያኮቤየስ የሰው ሆድ ውስጥ በመመልከቻ ቱቦ አየ። በ1980 ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም በዚሁ ዘዴ ትርፍ አንጀት ሲያወጣ ብዙ የቀዶ ሕክምና ሰዎች ተቃወሙት። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራበት ያ የተቃወሙት ነገር ነው።

ላፓራስኮፒ ይባላል። ለሥልጠና አዲስ አበባ በነበርኩ ጊዜ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሜአለሁ። ሴትየዋ ሙሉ ማደንዘዣ ትወስዳለች። እምብርቷ ውስጥ ወይም አጠገቡ አንድ ሴንቲ ሜትር የምታህል ቀዳዳ ትከፈታለች። በሷ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይገባል። አምቦ ውሃ ስንከፍት ፍስስ የሚለው ያው ጋዝ ነው። እሱ የተመረጠው በእሳት ስለማይያያዝ ነው፤ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥጋ ይተኮሳልና። ደግሞም ደም በቀላሉ ይቀበለውና በሳንባ ይወጣል። ጋዙ ሲገባ የሆድ ቆዳ እንደ ድንኳን ይወጠራል፤ አንጀት ወደ ታች ይቀራል። መሐል ላይ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። አልጋው በጭንቅላቷ በኩል ዝቅ ይደረጋል፤ አንጀቱ ወደ ላይ ይንሸራተትና ማህፀን ትገለጣለች።

ከዚያ በእምብርቷ በኩል መብራት ያላት ካሜራ ትገባለች። መብራቱ ሲጠፋና ስክሪኑ ሲበራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማህፀን ሮዝ ሆና ትታያለች። ቱቦዎቹ ጫፋቸው እንደ አበባ የተከፈተ ነው። እንቁልጢዋ ነጭ ናት፤ ዕንቁ ትመስላለች። ሆድ ተከፍቶ እንኳ እንደዚህ አጉልቶ አያሳይም። ሐኪሙ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ እጁ ሌላ ቦታ ነው። ከታች በኩል በተከፈቱ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ 5 ሚሊ ሜትር በሚያህሉ፣ እንደ እርሳስ ቀጫጭን መቀስና መያዣ ያስገባል።

ሲስቱን ማውጣት የትዕግሥት ሥራ ነው። እንቁልጢዋ ላይ በስሱ ይሰነጠቃል። ከሥሯ የሲስቱ ግድግዳ ይታያል። ሁለት መያዣዎች በተቃራኒ አቅጣጫ እየጎተቱ ይልጡታል። የተቀቀለ እንቁላል ስንልጥ ከቅርፊቱ ሥር ያለችውን ስስ ሽፋን ሳትቀደድ ለማውጣት እንደምንጠነቀቀው ነው። ጤነኛው የእንቁልጢ ሥጋ እዚያው ይቀራል። የወጣው ሲስት ሆድ ውስጥ እንዳለ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይገባል። የከረጢቱ አፍ በቀዳዳዋ ይወጣል፤ ፈሳሹ ከውስጡ ይመጠጥና የቀረው ይሳባል። 7 ሴንቲ ሜትር የነበረው በአንድ ሴንቲ ቀዳዳ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከረጢቱ ለጌጥ አይደለም። የደርሞይድ ስብ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ ሊያቆጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከፈሰሰ በብዙ ለብ ያለ የጨው ውሃ ይታጠባል። ካንሰር ሆኖ ከፈሰሰ ደግሞ በሽታውን ሊያሰራጭ ይችላል። ክፉ ምልክት ያለበት እጢ በቀዳዳ ለመውጣት የማይቸኮልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥቅሙ በደንብ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 769 ሴቶች የተሳተፉባቸውን 12 ጥናቶች አንድ ላይ አይቷል። ካንሰር ያልሆነ የእንቁልጢ እጢ በቀዳዳ የወጣላቸው ሴቶች ሆዳቸው ከተከፈተው ያነሰ አመማቸው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሕመም የሌለባቸው ብዙ ነበሩ። ሆስፒታል የቆዩትም በአማካይ በሦስት ቀን ገደማ ያነሰ ጊዜ ነው። ትኩሳትን፣ ኢንፌክሽንንና ሌላ ጉዳትን የመሰለ ችግርም ቀንሷል። ደሞዟ በሥራ ቀኗ ለሚቆጠር ሴት እነዚህ ቀናት ትልቅ ነገር ናቸው።

አደጋ የለውም ግን አልልም። አንጀት፣ ፊኛ ወይም ትልቅ የደም ሥር ሊነካ ይችላል፤ ከባድ ጉዳት ከ1000 በ2 ገደማ ላይ ይደርሳል። ተጀምሮ መሐል ላይ ሆድ መክፈት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ በተለይ በፊት ኦፕራሲዮን ሆና የተጣበቀ አንጀት ላላት ሴት። በቸኮሌት ሲስት ላይ ደግሞ ሲላጥ ጤነኛ ሥጋም አብሮ ይነሣል፤ የእንቁላል ክምችት ይቀንሳል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ይህን ከሐኪሟ ጋር ቀድማ ትነጋገርበት።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ሰው "በቀዳዳ ይሠራልኝ" ብቻ ይላል። ለአንዲት ወጣት ግን ከቀዳዳው ትንሽነት ይልቅ የእንቁልጢዋ መትረፍ ይበልጣል። እንቁልጢን ማትረፍ በካሜራ ብቻ የሚሆን አይደለም። ካሜራው በሌለበት ቦታ ልምድ ያለው ሐኪም ከሆድ ግርጌ በአግድም በተከፈተች አጭር ቁስል ሲስቱን ልጦ አውጥቶ እንቁልጢዋን ሊሰፋት ይችላል። መሣሪያው ተገዝቶ መቀመጡም አይበቃም፤ የሠለጠነ እጅ፣ ጋዝ፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው "ካሜራ አላችሁ?" ብቻ አይሁን። "ሲስቱን ብቻ ነው የምታወጡት ወይስ ከነእንቁልጢው? ለምን?" የሚለው ይቅደም። አንዳንዴ ከነእንቁልጢው ማውጣት ትክክል ነው፤ ዕድሜዋ ለገፋች ወይም እጢው ጤነኛ ሥጋ ላላስቀረላት። አንድ እንቁልጢ ብቻ የቀረላት ሴትም የወር አበባ ታያለች፣ ትወልዳለች።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእናቴ ምክንያት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የእንቁልጢ እጢ ወጣላት። ከእምብርቷ በላይ እስከ ታች የሚወርድ ጠባሳ አላት። ምን እንደወጣ፣ አንዱ እንቁልጢ ይሁን ሁለቱ፣ ማንም አልነገራትም። ወረቀትም አልሰጧትም። አባቴ "ዳነች፣ ተመስገን" ብሎ ይዟት ወጣ። ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ሃምሳ አለፋት። ስትፈርሙ ምን ላይ እንደምትፈርሙ ጠይቁ። ስትወጡ ምን እንደተሠራ የሚናገር ወረቀት ያዙ። የወጣው ሥጋ ለባዮፕሲ መላኩን አረጋግጡ፤ ውጤቱን ሳታዩ ነገሩን አለቀ አትበሉ።

የጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን ተራ ጠብቃችሁ ያዙ፤ ቅደም ተከተሉን ዘልሎ መሄድ ወጪውን በራስ ላይ ያመጣል።

የአክስቴ ልጅ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ሄደች። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አክስቴ አስታማሚ ሆና አብራት ነበረች። ሲስቱ ወጣ፣ እንቁልጢዋ ቀረች። በማግሥቱ ከአልጋ ተነሥታ ደወለችልኝ። "እትዬ፣ የሠሩኝ ሆዴን፣ የሚያመኝ ትከሻዬን! ምን ነክተውኝ ነው?" አለች። ምንም አልነኳትም። የተረፈው ጋዝ ሳንባና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ከሥር ይኮረኩረዋል። የዚያ ጡንቻና የትከሻ ስሜት የሚጓዙት በአንድ የነርቭ መሥመር ስለሆነ አንጎል ሕመሙን ትከሻ ላይ ያስቀምጠዋል። በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። መራመድ ይረዳዋል።

አክስቴ ግን እንደ አራስ ልታስተኛት ነበር። ገንፎ ገንፍታ፣ በር ዘግታ። ገንፎው ጥሩ ነው፤ መተኛቱ ጥሩ አይደለም። የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ቀስ እያለች ትራመድ። ጀሪካን አታንሣ፣ ሊጥ አታቡካ። በቀዳዳ የተሠራ ሰው በሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ሆዱ የተከፈተ እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። አንድ ምልክት ላይ ግን አጥብቄ ነግሬያታለሁ። ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን እየባሰ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ካስመለሳት፣ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም። ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

የሷ እየቀነሰ ሄደ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መስፋት ጀመረች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የባዮፕሲው ውጤት ደረሰ። እንደ በፊቱ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከላይ ቁጥር አለ፣ ከሥር ጽሑፍ አለ። ቁጥሩን አልነካችውም። "ካንሰር ያልሆነ ቴራቶማ" የሚለውን መሥመር በእስክሪብቶ ከብባዋለች።